የሚስ ሬንደል ወለል

የሚስ ሬንደል የሥዕል ስቱዲዮ እንደ ጥንቱ ተመልሶ ሊሠራ ነው የሚለው ወሬ የዓሣ አጥማጆቹ መንደር ጋነት ኮቭ የገባ ዕለት አምብሮዝ ፔኒን ሆዱን ቆረጠው።

ወሬውን ይዞ የመጣው ጎረቤቱ ሌቪ ሂስኮክ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጀልባ ሃያ ዓመት ዓሣ አጥምደዋል፤ ጀልባዋ ከተሸጠች ወዲህ ደግሞ ሌቪ ጠዋት ጠዋት አምብሮዝ ወጥ ቤት እየገባ፣ ሳይጋበዝ ሻይ ቀድቶ፣ ያላጠመዱትን ዓሣ ሁሉ ያወራል።

«ከከተማ ሙዚየም ሰው ይመጣል፤» አለ ወንበር እየሳበ። «ሴትዮዋ በሞተችበት ቀን እንደነበረው አድርገው ሊሠሩት ነው አሉ። ብሩሹን፣ ምድጃውን፣ ወለሉን፣ ሁሉንም።»

«ወለሉንም?» አለ አምብሮዝ።

«ወለሉንማ! ሰው ምን ላይ ይቆማል?» ሌቪ ይህን ሲል አንጋጦ ኮርኒሱን አየ። ከኮርኒሱ በላይ የአምብሮዝና የሚስቱ መኝታ ቤት ነው።

የአምብሮዝ ሚስት ድሩሲላ ድንች እየላጠች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። «ምነው ሆድህን ያዝክ?» ብቻ አለችው።

«ብርድ ነው መሰለኝ።»

«እንዲህ ድንገት የሚመታ ብርድ አይቼ አላውቅም፤» አለችና ዝንጅብል አፈላችለት።

ብርድ አልነበረም። ኦገስታ ሬንደል ሠዓሊ ነበረች። ከሴንት ጆንስ መጥታ ውሃው ዳር የነበረውን አሮጌ የመረብ ማስቀመጫ ቤት ገዛች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ብቻዋን ኖራበት፣ ባሕርና ድንጋይ ስላበት፣ እዚያው ሞተች። በሕይወት ሳለች የመንደሩ ሰው ሥዕሎቿን እያየ «ይሄ የኛ ባሕር ነው? ማን ገለበጠው?» ይል ነበር። ከሞተች በኋላ ሥዕሎቿ በትልልቅ አዳራሾች ሲሰቀሉ ግን ያው ሰው «እኛ እኮ ድሮም እናደንቃት ነበር» ማለት ጀመረ።

በሞተች በሳምንቱ ወንድሟ ከከተማ መጥቶ ሥዕሎቹን ጫነ። ጎረቤቶቿን «ከቀረው የሚጠቅማችሁን ውሰዱ» ብሏቸው ሄደ። መንግሥት ኮድ የተባለው ዓሣ እንዳይጠመድ በከለከለ በዓመቱ ነበር፤ ጀልባው ሁሉ ደረቅ ላይ ወጥቶ ሰው ሥራ ፈቶ የተቀመጠበት ጊዜ ስለነበረ የማይጠቅም ነገር አልተገኘም። አንዱ ወንበሩን፣ አንዷ መጋረጃውን ወሰደች። ሌቪ የሥዕል ማቆሚያውን ወስዶ ካልሲ ማድረቂያ አደረገው። አምብሮዝ ያን ሰሞን ቤቱ ላይ ፎቅ እየጨመረ፣ ግድግዳውን አቁሞ ጣውላ አልቆበት ነበር። ሦስት ቀን በማለዳ፣ ሰው ሳይነሳ፣ መዶሻና ምስማር መንቀያ ይዞ ወረደና ወለሉን ነቅሎ ወሰደው። አርባ ሦስት ጣውላ። ወንድምየው «ከቀረው» ብሏል፤ ወለሉ ደግሞ ቀርቷል። እንዲህ እያለ ራሱን ሊያሳምን ሞክሯል። ራሱን ያሳመነ ሰው ግን ጎረቤት ሳይነሳ አይነሳም ነበር።

ጣውላዎቹ ቀለም በቀለም ስለነበሩ ገለበጣቸው፤ ንጹሑን ፊት ወደ ላይ አድርጎ መታቸው። ለድሩሲላ «ከማዶ መጋዝ ቤት ያመጣሁት ነው» አላት። እሷም «ጥሩ እንጨት ነው» አለችና በሳሙና ማሸት ጀመረች። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት በየቅዳሜው ታሸዋለች።

ማርጎ ቴሪዮ በግንቦት መጣች። የሞንትሪያል ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከሠላሳ ቢበልጥ ትንሽ ነው። ሙዚየሙ የላካት እሷን ነበር፤ ነጭ ጓንት፣ ቀይ ብርሃን እየተኮሰ ርቀት የሚለካ መሣሪያና ሺህ ትንንሽ የላስቲክ ከረጢት ይዛለች። የወደቀ ምስማር ባየች ቁጥር አንስታ ከረጢት ውስጥ ትከትና ቁጥር ትሰጠዋለች። «ትናንት በሩ ላይ ቆሜ ቢያስነጥሰኝ ቁጥር ልትሰጠኝ ነበር» ብሎ አወራ ሌቪ። ቤቱን ከመሠረቱ የሚያውቅ አናጢ ስትፈልግ ሁሉም ሰው በአንድ ድምፅ አምብሮዝን ጠቆማት። በጠቆሟት ጊዜ ለምን እንደሚሳሳቁ ግን አልገባትም።

የምትመራበት አንድ ፎቶ ነበራት፣ ከድሮ መጽሔት የተቆረጠ። ሚስ ሬንደል በትልቁ መስኮት ፊት ቆማ፣ ብሩሽ ይዛ፣ ባሕሩን እያየች ትስላለች። ሌቪ ማርጎ ከመምጣቷ በፊት ይህንኑ ፎቶ መጽሔቱ ላይ አይቶ ለስቱዲዮው በር የሚሆን ሰሌዳ ቀርጿል፤ «ሚስ ሬንደል ባሕሩን እያየች የሳለችበት ቤት» ይላል። ፊደሉ ብቻ ሁለት ወር ፈጅቶበታል፤ ሁለት ወሩን ያልሰማ ሰው መንደሩ ውስጥ የለም።

ማርጎ በመጣች በሳምንቷ የመንደሩን ሰው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰበሰበች። የተወሰዱትን ዕቃዎች መመለስ የሚፈልግ ካለ ማንም እንደማይጠይቀው ነገረች። ወንበሩ መጣ። መጋረጃው ባይመጣም ከመጋረጃው የተሰፋው ሽርጥ መጣ። ሌቪ ማቆሚያውን ይዞ ገባ፤ አንድ ካልሲ ከጀርባው ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

«አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል፤» አለች ማርጎ። «ወለሉ የለም። ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች አሉ፣ የምስማሩ ቀዳዳ አለ፣ ጣውላው ግን የለም። ማን እንደወሰደው የሚያውቅ አለ?»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጫማውን አየ።

«ነፋስ ይሆናል፤» አለ ሌቪ መጨረሻ ላይ። «እሷ በሞተችበት በዘጠና ሦስት የነፈሰው ነፋስ ከባድ ነበር።»

«ነፋስ ምስማሩን አንድ በአንድ ነቅሎ?»

«ጠንቃቃ ነፋስ ነበር፣ ልጄ። አናጢ ቢጤ።»

ሰዉን ሁሉ አንድ ላይ ሳል ያዘው። የአምብሮዝ ጆሮ እስከ ጫፉ ቀላ። ድሩሲላ አጠገቡ ተቀምጣ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር ትፈልጋለች።

በማግስቱ አምብሮዝ የስቱዲዮውን በር ሊያስተካክል ሲሄድ ማርጎን መሬት ተንበርክካ አገኛት። አዲስ ጣውላ ዘርግታ፣ የጥርስ ብሩሽ ቀለም ውስጥ እየነከረች በጣቷ ታስፈነጥርበታለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አላት።

«ወለሉ ካልተገኘ አስመስለን መሥራታችን ነው፣ አጎቴ አምብሮዝ።» እዚያ መንደር ሸምገል ያለውን ሁሉ አጎት፣ ሸምገል ያለችውን ሁሉ አክስት ማለት ደንብ ስለሆነ ማርጎም በሁለተኛው ቀን ለምዳዋለች። «ፎቶው ላይ ጥጉ ትንሽ ይታያል። እሱን እያየሁ ነው።»

አምብሮዝ ጎንበስ ብሎ አየ። ጠብታው ሁሉ እኩል ነው፤ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም ንጹሕ። ደሙ ፈላ። ያንን ወለል ለአሥራ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ አይቶታል፤ ለሚስ ሬንደል የምድጃ እንጨት የሚያመላልሰው እሱ ነበር።

«ሚስ ሬንደል እንዲህ አታንጠባጥብም፤» አለ።

«ታዲያ እንዴት ነበር የምታንጠባጥበው?»

«ብሩሹን የምታራግፈው ወደ ኋላዋ ነበር፣ ዞር ብላም አታይም። ድመቷ እንኳ ግማሽ ጎኗ ቢጫ ነበር። ምድጃው አጠገብ ደግሞ ረጃጅም ነው፣ ጭራ አለው፤ ቀጥሎ ያለው ጣውላ ላይ ቀይ…» አፉን ያዘ።

ማርጎ ብሩሿን አስቀመጠች። «የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት የነበረ ጠብታ ነው እንዲህ የሚያስታውሱት?»

«ዐይኔ ጥሩ ነው፤» አለ አምብሮዝ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ተቀምጦ ጠዋቱን ሙሉ ሲፈልገው የዋለው ሰውዬ።

ቤቱ ሲገባ ድሩሲላ የጨው ዓሣና ድንች አቅርባ ትጠብቀዋለች። ሹካውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ።

«ድሩሲ፣ የመኝታ ቤታችን ወለል…»

«ምን ሆነ?»

«የማዶ መጋዝ ቤት አይደለም።»

«አይደለም?» አለች ድንቹን በቅቤ እያሸች። «ጉድ ነው። የት ኖሯል ታዲያ? ሚስ ሬንደል ቤት?»

አምብሮዝ ሹካውን እንደገና አስቀመጠ።

«አልጋው አጠገብ ያለችው አጭር ጣውላ ትነቃነቃለች፤» አለችው። «ገና በገባን በወሩ ቁልፌ ስንጥቋ ውስጥ ወደቀብኝና በቢላዋ አነሳኋት…»

«የምን ቁልፍ? የበር?»

«የቀሚሴ ቁልፍ! አታቋርጠኝ። አነሳኋትና ስገለብጣት ሰማያዊና ቢጫ። መጋዝ ቤቱ አዲስ ዓይነት ዛፍ አግኝቷል ማለት ነው ብዬ መለስኳት።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም አልሽ?»

«አንተ ሠላሳ አንድ ዓመት ዋሸህ። እስክትነግረኝ ልጠብቅ ብዬ ነበር። እንዲህ ቀርፋፋ መሆንህን መች አወቅሁ!»

«ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«የለም፤» አለች ድሩሲላ። «ከጋነት ኮቭ ሰው በስተቀር ማንም አያውቅም።»

አምብሮዝ ተሸማቆ ዓሣውን መብላት ጀመረ። ሚስቱ ግን አልጨረሰችም ነበር። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«እንጨት ብቻ ነበር የምትወስድላት?»

«እንጨት። አንዳንዴ ዓሣ።»

«እንጨት የሚሸከም ሰው አሮጌ ጃኬት ነው የሚለብሰው። አንተ የምትለብሰው እኔ የሠራሁልህን የክት ሹራብ ነበር። እንጨት ክሩን እንደሚተለትለው እያወቅህ።»

አምብሮዝ እውነቱን ለመናገር ቆርጦ ስለጀመረ አንዴ ይውጣልኝ አለ። «ትስለኛለች ብዬ ነበር፤» አላት። «በየጠዋቱ እንጨቱን እንደያዝኩ ትንሽ ቆም እላለሁ። ጎኔን ሰጥቼ። አንድ ቀን ታየኝና ብሩሽ ታነሳለች ብዬ። አሥራ ሁለት ዓመት ቆምኩላት። ድንጋይ ሳለች።»

ድሩሲላ መሳቅ ጀመረች። ጠረጴዛውን እስክትደገፍ ድረስ ሳቋ አላቆመም። ሲያልፍላት ግን ዐይኗን በሽርጧ ጠርጋ «ሂድና ለልጅቷ ንገራት፤» አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ከሳቁ ሥር ሌላ ነገር ነበረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልጠየቀችውን አሁንም አልጠየቀችውም።

ማርጎ ስትሰማ አልተቆጣችም። እየሮጠች መጣች። ድሩሲላ ወደ ፎቅ ወሰደቻት፤ ጎንበስ ብላ የቅቤ ቢላዋ ስንጥቁ ውስጥ ሰካችና አጭሯን ጣውላ በአንድ ጊዜ ብድግ አደረገቻት። ማርጎ የተገለበጠውን ፊት ስታይ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ጮኸች።

«ማንም እንዳይረግጠው! አክስቴ ድሩሲ፣ እባክዎ፣ እዚያው ይቁሙ! አጎቴ አምብሮዝ፣ አይግቡ!»

«ከዚህ ወዲህ እንዴት ልንተኛ ነው፣ የኔ ልጅ?» አለች ድሩሲላ አንድ እግሯን አንስታ። «እየበረርን?»

አልጋው ፈርሶ ወደ ወጥ ቤት ወረደ። ማርጎና አምብሮዝ አራት ቀን ሙሉ በጉልበታቸው እየሄዱ ምስማሩን ነቀሉ፤ ጣውላዎቹ ቁጥር እየተሰጣቸው፣ በብርድ ልብስ እየተጠቀለሉ ወጡ። ችግሩ አምብሮዝ ያኔ ሲመታቸው ቅደም ተከተል አልጠበቀም፤ ያገኘውን ከየጎኑ እየቆረጠ ነው የሰካው። ስለዚህ ጣውላዎቹን አዳራሹ ውስጥ ቀለማቸውን ወደ ላይ አድርገው ዘርግተው፣ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም በጠብታው መስመር መፈለግ ግድ ሆነ።

ሥራው የማርጎ ብቻ ሊሆን ነበር። ግን ሰው በአዳራሹ በር ሲያልፍ አንገቱን ያስገባል፤ ያስገባ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ መውጣት አይችልም። «ያቺ አረንጓዴዋ ከዚያ ጋር ትሄዳለች» ይላል አንዱ። «ዐይንህን ታጠብ፣ ያ ሌላ አረንጓዴ ነው» ትላለች ሌላዋ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይና ዘቢብ የገባበት ዳቦ መጣ፤ በአራተኛው ቀን ማርጎ ለሃያ ሰው ነጭ ጓንት አደለች። አምብሮዝ መካከል ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ የምነግራችሁ ነገር አለኝ፤» አለ። «ወለሉን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ፤ ሥራቸውንም ቀጠሉ።

ስድስት ጣውላዎች ጫፋቸው የለም። አምብሮዝ የቆረጣቸውን ጫፎች የት እንዳደረሳቸው ሊያስታውስ ግንባሩን ሲያሽ፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያ ተናጋሪ የሆነው ሌቪ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ማለቱን ድሩሲላ አየች።

«ሌቪ፣ የዶሮ ቤትህ መወጣጫ ምን ዓይነት እንጨት ነው?»

«የ… የድሮ እንጨት ነው።»

«ስንት ደረጃ አለው?»

ሌቪ ባርኔጣውን አወለቀ። «ስድስት፤» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ስለ ነፋስ አላነሳም፤ ለሌቪ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። ዶሮዎቹ የጣሉበት ነገር በጥንቃቄ ሲፋቅ ከሥሩ ቀዩ ጠብታ ወጣ፤ ልክ አምብሮዝ እንዳለው ጭራ ነበረው።

ወለሉ ሲሟላ ማርጎ መሰላል ላይ ወጥታ ከላይ አየችው። ግንባሯን ቋጠረች።

«አልገጠመም እንዴ?» አለ አምብሮዝ።

«ገጥሟል። ገጥሞ ነው ያስቸገረኝ። የማቆሚያው ሦስት እግሮች እዚህ ጋ ናቸው፣ ይኸው ምልክታቸው። እሷ የቆመችበት እዚህ ነው፣ እንጨቱ ተበልቷል። የስቱዲዮው መስኮት ግን ከቆመችበት ኋላ፣ በዚያ በኩል ነው።» ፎቶዋን አወጣች፣ ወለሉን አየች። «ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ነው የምትስለው!»

«እንዴታ፤» አለ አምብሮዝ። «ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን ዐይኔን ይወጋኛል ትል ነበር። ባሕሩም ዝም ብሎ አይቆምልኝም፤ አይቼው እገባና ግድግዳውን እያየሁ እስለዋለሁ ትል ነበር።»

«ፎቶውስ?»

«ፎቶ አንሺው መጥቶ በመስኮቱ በኩል ያምራል ሲል ማቆሚያውን ያዞርኩለት እኔ ነኝ። ፎቶው ካለቀ በኋላ መለስኩት።»

ማርጎ ከመሰላሉ ወረደች። «ይሄን ሁሉ ሳምንት ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝም እኮ፣ ልጄ። ፎቶውን ነው የጠየቅሽው።»

ሌቪ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ሁለት ወር!» አለ። «ባሕሩን እያየች ብዬ ሁለት ወር!»

ማርጎ ግን ሌላ ነገር አይታ ነበር። ከበሩ ተነስቶ ወለሉን አቋርጦ የሚሄድ የሰማያዊ ቀለም ዱካ። ሚስ ሬንደል አንድ ቀን በሩ አጠገብ የቀለም ቆርቆሮ ደፍታ፣ አንድ ሰው በቦት ጫማው ረግጦት አልፏል። ሄዶ ምድጃው ጋ ይቆማል፤ ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን፤ ከዚያ እየደበዘዘ ወደ በሩ ይመለሳል።

«የወንድ ጫማ ነው፤» አለች ማርጎ እየለካች። «ትልቅ። የሷ አይደለም። ማን ሊሆን ይችላል?»

ድሩሲላ ጓንቷን አድርጋ ቀረብ አለች። ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና «የግራ እግሩን ወደ ውስጥ የሚጥል ሰው ነው፤» አለች።

አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ የአምብሮዝን እግር አየ። አምብሮዝ የግራ እግሩን ከቀኙ ኋላ ሊደብቅ ሞከረ።

ድሩሲላ ግን እግሩን አላየችም። ዱካውን ነበር የምትከተለው፤ በጎን በጎኑ፣ ሳትረግጠው። ከበሩ እስከ ምድጃው ሄደች። ምድጃው ጋ ቆመች። ከምድጃው ወዲያ፣ የሚስ ሬንደል አልጋ ወደነበረበት ወደ ጓዳው፣ ቢጫ አለ፣ ቀይ አለ፣ የድመት ጥፍር አለ፤ ሰማያዊ ጫማ የለም። ከዚያ ዱካው ሲመለስ አብራው ተመለሰች።

«ከምድጃው አላለፍክም፤» አለችው ቀስ ብላ።

«ምን ልሠራ አልፋለሁ? እንጨቱ የሚወርደው ምድጃው ጋ ነው።»

ሌቪ አፉን መግጠም አልቻለም። «ድሩሲ፣ ይሄ እኮ የአንድ ቀን ዱካ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ…»

«ለእኔ አንዱ ይበቃኛል፣ ሌቪ፤» አለች ድሩሲላ። አምብሮዝ አጠገብ ስትደርስ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ የተጣመመ ነገር አልነበረውም። «አየህ፤» አለችው። «አልሳለችህም ብለህ ታኮርፋለህ። ይኸው ወለሉ ላይ አለህ። ከእግርህ በላይ ያለው ቢቀርም ምንም አይደል፣ ጥሩው ክፍልህ እግርህ ነው።»

በነሐሴ ስቱዲዮው ተከፈተ። ወለሉ በቦታው ተመታ፤ ማቆሚያው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ቆመ፤ ሽርጡም መልሶ መጋረጃ ሆነ። ሌቪ ሰሌዳውን እንደ አዲስ አልቀርጽም ብሎ ስለማለ፣ «እያየች» ከሚለው በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ «አንዳንዴ» የሚል ቃል ቀርጾ ጨመረበት። ብዙ ሰው መጣ። አምብሮዝ ንግግር እንዲያደርግ ተጠይቆ «ይሄ ወለል ጥሩ እንጨት ነው፣ በደንብ ታሽቷል» ብሎ ቁጭ አለ። የመኝታ ቤታቸው አዲስ ወለል በርች ከሚባል እንጨት ነው፤ ሙዚየሙ ነው የላከላቸው። ድሩሲላ ሁለቱንም ፊት ካላየሁ አልቀበልም ብላ፣ ጭኖ ያመጣው ሾፌር ጣውላውን ሁሉ ሲያገላብጥላት ዋለ።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲሳሳ ድሩሲላ በሩ ላይ ቆመች። ሚስ ሬንደል ሃያ ስድስት ዓመት ስትኖርበት ድሩሲላ አንድ ቀን እንኳ ገብታ አታውቅም። ማርጎ የጨርቅ ነጠላ ጫማ ሰጠቻትና እንግዳ እንዳያልፍ የታሰረውን ገመድ አነሳችላት። ድሩሲላ ወለሉን ቀስ ብላ ተሻገረች፤ ምድጃውን አለፈች፤ አምብሮዝ ከግድግዳው ጋር አያይዞ እንደገና ወደሠራው ጠባብ አልጋ ደረሰች። ከአልጋው በላይ የአንድ ሰው ዕቃ ብቻ የሚይዝ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ አንድ ሰሃን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ሹካ ተቀምጧል።

አምብሮዝ ተከትሏት ምድጃው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ልማድ ሆኖበት። «ምነው?» አላት።

«አንድ ኩባያ፤» አለች።

«ሁለተኛ አልነበራትም። እኔ ሻይ ስትሰጠኝ በቆርቆሮ ነበር።»

ድሩሲላ የአልጋውን ጠርዝ አየች። ሃያ ስድስቱን ክረምት በልቧ የምትቆጥር ይመስል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ቤታችን እኮ ከዚህ ይታያል፤» አለች። «የወጥ ቤቱ መብራት ይታያል። እሷ እዚህ ተቀምጣ ታየው ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ራት ነይ አላልኳት። አንተ የክት ሹራብ ስለለበስክ።»

«ብትጠሪያትም አትመጣም ነበር።»

«ባትመጣም መጥራት ነበረብኝ።»

ጎንበስ ብላ የአልጋውን ብርድ ልብስ ጫፍ ያዘች፤ ጎተተች፤ በመዳፏ ለጠጥ አድርጋ ከፍራሹ ሥር ወሸቀችው፣ ለቤት እንግዳ እንደሚደረገው።

«አክስቴ ድሩሲ!» አለች ማርጎ ከበሩ ላይ ደንግጣ። «እባክዎ አይንኩት! እንደዚያ ተጨማድዶ እንዲቀመጥ ተወስኗል፣ በጽሑፍ ነው ያለው።»

«ሰው ሲተኛበት ይበርደዋል፣ የኔ ልጅ፤» አለች ድሩሲላ ትራሱን እየመታች።

ማርጎ መዝገቧን ከፈተች። ብርድ ልብሱን አየች፣ ድሩሲላን አየች። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣችና «ተጨማድዶ» የሚለውን ሠርዛ፣ ከጎኑ «ተነጥፎ» ብላ ጻፈች።